ካርታ ይዞ ማንበብ፦ ከአራት ዓይነት የንባብ ቻሌንጆች የትኛው ይሻላል?

ረጅም ልብ ወለድ ሲገለጥ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አስቀድሞ ዓይን የሚያርፍበት ብዙ ጊዜ ካርታ ነው። አብዛኛው አንባቢ ተራሮቹንና ወንዞቹን በጨረፍታ አይቶ ያልፋቸዋል፤ ታሪኩ ገፍቶ የማያስታውሰው የከተማ ስም ሲያጋጥመው ግን ያለበት ገጽ እንዳይጠፋው ጣቱን እንደ ዕልባት ከትቶ ወደ ካርታው ይመለሳል። በካርታ ላይ የተመሠረተ የንባብ ቻሌንጅ የሚባለው ይህንኑ መመላለስ ሆን ተብሎ እንዲደረግ፣ መነሻና መድረሻ እንዲኖረው፣ ከተቻለም ከሌሎች ጋር እንዲከናወን የሚያደርግ የንባብ ዕቅድ ነው።

ችግሩ በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት ዕቅዶች እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ መሆናቸው ነው። አንዱ በአንድ ታሪክ ላይ ወራት ያስቆያል፤ ሌላው በየወሩ መጽሐፍ ያስለውጣል፤ ሦስተኛው ገጽ ያስቆጥራል፤ አራተኛው እርሳስና ባዶ ወረቀት ያስይዛል። እኔ አራቱንም በተለያየ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ ሁለቱን ጨርሻለሁ፣ አንዱን ከመንገድ ትቼዋለሁ፣ አንዱን ደግሞ እስከ አሁን አልተውኩትም። ሳነጻጽራቸው የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ካርታው አንባቢውን ወደ ጽሑፉ ይመልሰዋል ወይስ ከጽሑፉ ያርቀዋል?

የአንድን ታሪክ መንገድ መከተል

የመጀመሪያው ዓይነት አንድ ረጅም ሥራ ተመርጦ፣ ገጸ ባሕርያቱ የሚጓዙበት መንገድ ከመነሻ እስከ መድረሻ በካርታው ላይ እየተሠመረ የሚነበብበት ነው። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ በመጠን ከፍ ተደርጎ የወጣ የካርታው ፎቶ ኮፒ፣ ላጲስ፣ ሁለት ወይም ሦስት ባለ ቀለም እርሳስ። አንድ ምዕራፍ ሲያልቅ ተጓዦቹ በደረሱበት ቦታ ላይ ነጥብ ይደረጋል፤ ከነጥቡ አጠገብ የምዕራፉ ቁጥር ይጻፋል፤ ከቀድሞው ነጥብ ጋርም በመሥመር ይያያዛል። ሥራው የሁለት ደቂቃ ነው። ሆኖም ነጥቡን የት ላድርገው ሲባል፣ ሰዎቹ ያደሩት ወንዙን ከመሻገራቸው በፊት ነው ወይስ ከተሻገሩ በኋላ የሚለውን ለማረጋገጥ ሁለት ገጽ ወደ ኋላ መመለስ የግድ ይሆናል፤ አንባቢው በጥድፊያ የዘለለው የመልክዓ ምድር ገለጻ ለምን እንደተጻፈ የሚገባውም ያን ጊዜ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ንባብ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 በሦስት ቅጽ የታተመው የቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ሲሆን፣ ከመጽሐፉ ጋር የወጣውን ጠቅላላ ካርታ የሠራው የደራሲው ልጅ ክሪስቶፈር ነበር። ሥራው በውስጡ በስድስት መጻሕፍት የተከፈሉ 62 ምዕራፎች አሉት፤ በመጨረሻው ላይ ያለው ተጨማሪ ክፍል ደግሞ እያንዳንዱ ነገር በየትኛው ቀን እንደተፈጸመ ይዘረዝራል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ፍሮዶ ከቤቱ የሚወጣው ሴፕቴምበር 23 ነው፤ መጠጊያ ወደሚሆነው ሸለቆ ወደ ሪቨንዴል የሚደርሰው ኦክቶበር 20 ነው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚያቀናው ዲሴምበር 25 ሲሆን፣ ቀለበቱን በእሳተ ገሞራ ውስጥ የማጥፋት ተልእኮው የሚፈጸመው ማርች 25 ነው። ይህን ያዩ አንባቢዎች ታሪኩን በቀን መቁጠሪያ ተከትለው፣ ክንውኑ በተፈጸመበት ዕለት ያን ምዕራፍ የሚያነቡበት ዕቅድ ያወጣሉ። ሐሳቡ ሲሰማ ያማልላል። ከሴፕቴምበር 23 እስከ ማርች 25 ሁለቱም ቀናት ተቆጥረው 184 ቀን አለ፤ ተልእኮው እስከሚፈጸምበት ያሉት ምዕራፎችም 56 ናቸው፤ ስለዚህ ለአንድ ምዕራፍ በአማካይ ከሦስት ቀን በላይ ይደርሳል ብሎ የሚያስብ ሰው አይፈረድበትም።

በተግባር ግን አማካዩ ያታልላል። በመጀመሪያው ወር አሥር ያህል ምዕራፎች ይነበቡና፣ ተጓዦቹ ሪቨንዴል ውስጥ ተቀምጠው ኦክቶበር 25 ላይ ጉባኤ ካደረጉ በኋላ እስከ ዲሴምበር 25 ድረስ የሚነበብ ነገር የለም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ወር የተገኘ የንባብ ሙቀት በእነዚህ ሁለት ወራት ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ተጓዦቹ ከተለያዩ በኋላ ሦስተኛውና አራተኛው መጽሐፍ በተቀራረቡ ቀናት የተፈጸሙ ሁለት የተለያዩ ጉዞዎችን በየተራ ስለሚተርኩ፣ ቀኑን ብቻ የሚከተል አንባቢ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለለ ደራሲው በጥንቃቄ ያቆየውን ጉጉት ራሱ ያፈርሰዋል። በእኔ ፍርድ በቀን መቁጠሪያ ማንበብ ታሪኩን ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ለሁለተኛ ንባብ የሚሆን መልካም ጨዋታ ነው፤ ለመጀመሪያ ንባብ ግን ምዕራፎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ሄዶ፣ ሁለቱን ጉዞዎች በሁለት ቀለም ማሥመር ይሻላል። ቀዩ መሥመር ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሰማያዊው ወደ ምሥራቅ ሲርቅ ማየት ራሱን የቻለ ደስታ አለው።

የዚህ ዓይነቱ ቻሌንጅ ትልቁ ድካም ሁሉን በአንድ መጽሐፍ ላይ መጣሉ ነው። መጽሐፉ ካልጣመ ቻሌንጁ ያበቃል፤ የሚተካ ሁለተኛ መጽሐፍ በዕቅዱ ውስጥ የለም። ልኩን ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ከአጭር ሥራ ቢጀምር ይበጀዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የታተመው የኡርሱላ ለጊን «ኤ ዊዛርድ ኦፍ ኧርዝሲ» ለዚህ ይመቻል፤ ደራሲዋ የደሴቶቹን ካርታ ራሷ ሥላ የተነሣችበት ሲሆን፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ አብዛኛውን መንገድ በጀልባ ከደሴት ወደ ደሴት ስለሚጓዝ መሥመሩን መከተል አያስቸግርም። በአንድ ሳምንት ይነበባል። ከዚያ በኋላ ነጥብ ማድረጉ ያስደሰተው ሰው ወደ ረጅሙ ይሻገር።

ካርታዎችን መሰብሰብ

ሁለተኛው ዓይነት በአንድ ዓመት ውስጥ ካርታ ያላቸውን ለምሳሌ አሥር ወይም አሥራ ሁለት መጻሕፍት ማንበብ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ካርታ ያለው መጽሐፍ» የሚለውን መሥፈርት ብቻ ይዞ ከተነሣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት የፋንታሲ (የምናባዊ ዓለም ታሪክ) መጽሐፍ ሲያነብ ያልቃል፤ በስተ ምዕራብ ባሕር፣ በሰሜን በረዶ፣ መሀል ላይ ሜዳ፣ ጠርዝ ላይ ማንም የማይሻገረው የተራራ ሰንሰለት። ስለዚህ መጻሕፍቱ ሳይሆኑ የካርታ ዓይነቶቹ ቢዘረዘሩ ይሻላል፦ የአንዲት ደሴት ካርታ፣ የአንድ ወረዳ ካርታ፣ የጦር ሜዳ ካርታ፣ የከተማ ካርታ፣ ደራሲው በገዛ እጁ የሣለው ካርታ፣ ሆን ብሎ የሚያታልል ካርታ። ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ መጽሐፍ ይፈለጋል።

እንዲህ ሲደረግ ፍለጋው ከፋንታሲ መደርደሪያ ወጥቶ ሩቅ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1516 የታተመው የቶማስ ሞር «ዩቶፒያ» በእንጨት ቅርጽ የታተመ የደሴት ካርታ ነበረው፤ ጽሑፉ ደሴቲቱ የጨረቃ ግማሽ የመሰለች እንደሆነችና 54 ከተሞች እንዳሏት ሲናገር፣ ካርታው ግን የሚያሳየው ጥቂቱን ብቻ ነው። ዊልያም ፎክነር እ.ኤ.አ. በ1936 በወጣው «አብሳሎም፣ አብሳሎም!» መጨረሻ ላይ በሚሲሲፒ ያኖራትን የፈጠራ ወረዳውን የዮክናፓታውፋን ካርታ አስገብቶ፣ ስፋቷን 2,400 ካሬ ማይል፣ ነዋሪዎቿን 6,298 ነጭና 9,313 ጥቁር ብሎ ከቆጠረ በኋላ ራሱን የወረዳዋ ብቸኛ ባለቤት አድርጎ ፈርሟል። በካርታው ላይ በቀደሙት ልብ ወለዶቹ የተፈጸሙ ነገሮች የት እንደሆኑ ስለተመለከተ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ለብዙ መጻሕፍት ማውጫ ሆኖ ያገለግላል። ከዚያ ካርታ ላይ አንድ ቦታ መርጦ ወደሚመለከተው ልብ ወለድ መሄድ ራሱን የቻለ ትንሽ ቻሌንጅ ይወጣዋል።

ከሁሉ በላይ እኔን ያስገረመኝ ግን የቶልስቶይ ነው። «ጦርነትና ሰላም» በሦስተኛው ቅጽ ሁለተኛ ክፍል 19ኛው ምዕራፍ ላይ የቦሮዲኖ ጦር ሜዳን ንድፍ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1812 በሩስያና በናፖሊዮን ጦር መካከል ስለተደረገው ስለዚያ ጦርነት ለመጻፍ ቶልስቶይ በ1867 ቦታውን ራሱ ሄዶ ተመልክቶታል፤ በንድፉም ላይ ጦሩ ተሰልፎበታል ተብሎ የሚታሰበውንና በእርግጥ የተሰለፈበትን ሥፍራ ለይቶ አሳይቷል። ሙግቱ ይህ ነው፦ የታሪክ ጸሐፊዎች የሩስያ ጦር አስቀድሞ በተመረጠና በተመሸገ ቦታ ተዋጋ ይላሉ፤ እርሱ ግን የሸቫርዲኖ ምሽግ ከተወሰደ በኋላ የግራው ክንፍ ስለተገፋ ጦርነቱ የተካሄደው ማንም ባልመረጠው፣ ምሽግ ባልነበረበት ሜዳ ላይ ነው ይላል። ሌላው ልብ ወለድ ካርታውን መንገድ ለማሳየት ሲጠቀምበት ይህኛው ለክርክር ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። ምዕራፉን ሳላይ ባልፍ ኖሮ የመጽሐፉን ግማሽ ሐሳብ ባልያዝኩት ነበር፤ እንድቆምበት ያደረገኝም «የጦር ሜዳ ካርታ» የሚል ባዶ ሳጥን በዝርዝሬ ውስጥ መኖሩ ብቻ ነው። «ጦርነትና ሰላም» 361 ምዕራፎች ስላሉት በቀን አንድ ምዕራፍ የሚያነብ ሰው ዓመቱን እንደሚፈጅበት ግን አስቀድሞ ይወቅ፤ ከሌሎቹ አሥራ አንድ መጻሕፍት ጋር ደርቦ ማስኬድ ቀላል አይደለም።

ይህ ሁለተኛው ዓይነት ለቡድን በጣም ይመቻል፤ ሁሉም ሰው አንድ መጽሐፍ ማግኘት አይጠበቅበትም፣ በየወሩ ስብሰባ እያንዳንዱ ያገኘውን ካርታ ይዞ ይመጣል፣ ወሬውም አያልቅም። ድካሙ ጥልቀት ማጣቱ ነው። መሥመር የሚያሠምር አንባቢ አንዱን አገር እንደ ሰፈሩ ያውቀዋል፤ ሰብሳቢው ግን በብዙ አገር እንዳለፈ መንገደኛ የየደጁን ብቻ አይቶ ይመለሳል።

ገጽን ወደ ርቀት መለወጥ

ሦስተኛው ዓይነት የተነበበውን ገጽ ሁሉ ወደ ማይል ወይም ወደ ኪሎ ሜትር ለውጦ በአንድ ልብ ወለድ ካርታ ላይ መጓዝ ነው። ፍሮዶ ከቤቱ እስከ እሳተ ገሞራው ድረስ የተጓዘው በተለመደው ስሌት 1,800 ማይል፣ ማለትም ወደ 2,900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ስለዚህ አንድ ገጽ አንድ ማይል ከሆነ 1,800 ገጽ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ከሆነ 2,900 ገጽ ማንበብ ይጠበቃል። የሚነበበው መጽሐፍ ምንም ሊሆን ይችላል።

ከመንገድ የተውኩት ይህን ነው። ሁለት ወር ያህል ከቆየሁ በኋላ አንድን መጽሐፍ ከሁለት እትም ስመርጥ ፊደሉ ተልቆ የታተመውን፣ ማለትም ገጹ የበዛውን እንዳነሣሁ ልብ አልኩ፤ ያን ቀን ጨዋታው ንባቡን እንደዋጠው ገባኝ። ካርታው እዚህ ላይ የውጤት ሰሌዳ ነው፤ ከሚነበበው ጽሑፍ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ይህን ስል ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ከንባብ ርቆ የቆየና በየቀኑ ጥቂት ገጽ የማንበብ ልማድ ለመመለስ የሚፈልግ ሰው፣ ወይም ነጥቡ ሲንቀሳቀስ ማየት የሚያስደስተው ልጅ ይጠቀምበታል። በገጽ ፈንታ የንባብ ደቂቃ ቢቆጠር የእትም ማታለሉም ይቀራል።

ካርታ የሌለውን መጽሐፍ ካርታ መሥራት

አራተኛው ዓይነት ካርታ የሌለውን፣ ወይም ካርታው ሆን ተብሎ ያልታየውን መጽሐፍ አንብቦ ካርታውን ከጽሑፉ ብቻ ማውጣት ነው። ከአራቱ ከባዱ ይህ ነው፤ እስከ አሁን ያልተውኩትም እርሱን ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ከሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን የበለጠ ያየው የለም። እ.ኤ.አ. በ1881 ከእንጀራ ልጁ ጋር ለጨዋታ የአንዲት ደሴት ካርታ ሣለ፤ «ትሬዠር አይላንድ» የተወለደው ከዚያ ሥዕል ነው። ታሪኩ በ1883 በመጽሐፍ መልክ ሊወጣ ሲል ካርታው ለአሳታሚው ተላከ፤ ግን አልደረሰም ተባለ። ካርታ ሥሎ ታሪክን ከካርታው ጋር ማስማማት አንድ ነገር ነው፤ የተጻፈ መጽሐፍን ከዳር እስከ ዳር መርምሮ፣ በውስጡ ያሉትን የቦታ ጥቆማዎች ሁሉ ለቅሞ፣ በኮምፓስ እየለኩ ለእነርሱ የሚስማማ ካርታ መሥራት ግን ሌላ ነው። ስቲቨንሰን ይህን ሁለተኛውን በገዛ መጽሐፉ ላይ ለማድረግ ተገደደ፤ በአባቱ ቢሮ ውስጥ ካርታው እንደ አዲስ ተሠራ፤ ለእርሱ ግን የመጀመሪያውን ያህል ሆኖ አያውቅም።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ትዕግሥቱ ነው የሚጠየቀው። በማስታወሻ ደብተር ላይ ሦስት ነገር ብቻ ይመዘገባል፦ አቅጣጫ፣ የጉዞ ጊዜ፣ ከቦታው የሚታየው ነገር። በእግር የሚሄድ ሰው በደህና መንገድ በቀን ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎ መነሣት ይቻላል፤ ተራራ ካለ ይቀነሳል። በቀለም የሚሠመረው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። እኔ ይህን ሳልጠብቅ የአንዲትን የወደብ ከተማ ምሥራቃዊ ጠረፍ በብዕር አስምሬ ነበር፤ በ31ኛው ምዕራፍ ላይ አንዲት ገጸ ባሕርይ ከዚያችው ከተማ ሰገነት ላይ ቆማ ፀሐይ ባሕሩ ውስጥ ስትጠልቅ ተመለከተች። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የባሕር ዳርቻዬን በሙሉ ወደ ሌላ ጎን አዛወረው። ፀሐይ መጥለቋን ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ አንብቤ እንደዘለልኩት እንጃ።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ግን መጽሐፉ ራሱ ካርታ የማይወጣለት ሲሆን ነው። የሆሜር ጥንታዊ የግሪክ ግጥም «ኦዲሲ» 24 ክፍሎች ሲኖሩት የኦዲሴዎስ መንከራተት የሚተረከው ከ9ኛው እስከ 12ኛው ባለው ነው፤ ይህን ጉዞ በእውነተኛ ባሕር ላይ ለማሥመር ከጥንት ጀምሮ ብዙዎች ደክመዋል። የምድርን ዙሪያ የለካው ኤራቶስቴንስ፣ ኦዲሴዎስ የተንከራተተበት ቦታ የሚታወቀው በታሪኩ ነፋሳት የታሰሩበትን የቆዳ ከረጢት የሰፋው ሰው ሲገኝ ነው ብሎ ተሳልቆባቸዋል። ስለዚህ ጽሑፉ ርቀትና አቅጣጫ የማይሰጥ ከሆነ፣ ቦታዎቹን በቅደም ተከተል ብቻ እንደ ዶቃ በመሥመር ላይ ደርድሮ መተው ሐቀኛ ነው።

ከመጀመር በፊት ሊታይ የሚገባው

የትኛውም ዓይነት ቢመረጥ እትሙ መታየት አለበት። በርካሽ የወረቀት ሽፋን እትሞች ካርታው በሁለት ገጽ ላይ ተዘርግቶ መሀሉ በጥራዙ ይዋጣል፤ በኤሌክትሮኒክ ንባብ መሣሪያ ላይ ደግሞ ስሞቹ የማይነበቡ ትንሽ ግራጫ ሥዕል ይሆናል፤ በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ካርታ የለውም። በሦስቱም ሁኔታ ካርታውን በስልክ ከፍቶ ወይም አትሞ አጠገብ ማስቀመጥ ይበቃል። ያገለገለ መጽሐፍ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት የሽፋኑን የውስጥ ገጾች ይግለጥ፤ እኔ አንድ ጊዜ ቤት ከገባሁ በኋላ ነበር ካርታው በምላጭ ተቆርጦ መውጣቱን ያየሁት። በትርጉም የሚያነብ ሰውም በካርታው ላይ ያሉት ስሞች በመጀመሪያው ቋንቋ ቀርተው እንደሆነ ይመልከት፤ ተርጓሚው የቦታ ስሞችን በትርጉማቸው አስቀምጦ ካርታው ሳይነካ ከታተመ፣ መሥመር ለመከተል የፈለገ አንባቢ ከመጽሐፉ ይልቅ ከስሞቹ ጋር ሲታገል ይውላል።

ካርታ ታሪኩን አስቀድሞ ሊያጋልጥ እንደሚችልም አይዘንጋ። በተከታታይ ቅጾች ላይ የኋለኛው ቅጽ ካርታ በፊተኛው ያልታወቀ አገር ወይም የፈረሰ ከተማ ሊያሳይ ስለሚችል፣ ከቅጹ ጋር የመጣውን ብቻ መጠቀም ይገባል።

እንግዲህ ምርጫው የሚወሰነው አንባቢውን ከንባብ በሚያግደው ነገር ነው። መጽሐፍ ጀምሮ ከመሀል የሚተው ሰው መንገድ መከተሉን ይያዝ፤ ያላለቀ መሥመር ግድግዳ ላይ ሲያይ ይከነክነዋል። አንድ ዓይነት መጽሐፍ ብቻ እየደጋገመ የሚያነብ ሰው ካርታ መሰብሰቡን ይያዝ፤ ሳጥኖቹ ከለመደው መደርደሪያ ያስወጡታል። ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ለሁለት ወር ያህል ደቂቃ ይቁጠር፤ ከዚያ ወዲያ ይተወው። በፍጥነት የሚያነብና ያነበበው በአእምሮው የማይቀርለት ሰው ግን ካርታ ይሥራ፤ ፍጥነቱን የሚገታ ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ሦስት ወይም አራት ሰዎች አንዱን መጽሐፍ አንብበው፣ ሳይተያዩ የየራሳቸውን ካርታ ሥለው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢዘረጉት ደግሞ ወንዙ በየወረቀቱ በሌላ አቅጣጫ ሲፈስ ያገኙታል፤ ሁሉም መጽሐፉን አንሥቶ ገጽ መግለጥ ይጀምራል።

አሁንም የሚያመነታ ካለ፣ ቤቱ ያለውን ካርታ ያለው መጽሐፍ ያንሣና ያለ ምንም ዕቅድ ሦስት ምዕራፍ ያንብብ፤ ስንት ጊዜ ወደ ካርታው እንደተመለሰም በዕልባቱ ላይ ጭረት እያደረገ ይቁጠር። ጭረቱ ከአምስት ካለፈ በዚያው መጽሐፍ መንገዱን ማሥመር ይጀምር። አንድም ጭረት ከሌለ ወይ ካርታው ለጌጥ የገባ ነው፣ ወይ ታሪኩ ካርታ አያስፈልገውም፤ ያን መጽሐፍ እንዲሁ በደስታ አንብቦ ይጨርስና ለቻሌንጁ ሌላ ይፈልግ።